ያልታረመው ዓረፍተ ነገር

ባለፈው ኅዳር የአጎቴ ልጅ ወልዳ ልጠይቃት ከሚሴ ገባሁ። ስኳርና ሳሙናዬን በፌስታል አንጠልጥዬ ደጃፏ ስደርስ የአብሽ ሽታ ቀድሞ ተቀበለኝ። አዲስ የተፈጨ፣ ተነፍቶ ገና ውሃ የነካው አብሽ። እግሬ መድረኩን አልሻገር አለ። ከውስጥ "ግቢ እንጂ፣ ምን ያስቆምሻል?" ይሉኛል፤ እኔ የበሩን ጉበን ይዤ ላቤን እጠርጋለሁ። "ሙቀቱ መታት" አለች አንዷ። ከሚሴ ላይ ሁሉም ነገር በሙቀት ይሳበባል። እኔም "አብሽሩ፣ አትስጉ፣ ደህና ነኝ" ብዬ ገባሁ።

ደህና አልነበርኩም። ሰው ሁሉ አብሽ ሲሸተው አራስ ትዝ ይለዋል፤ እኔ መርዶ ነው ትዝ የሚለኝ። የአንድ ጥቅምትና የአንድ ኅዳር ነገር ነው፤ ከዚያ ወዲህ አብሽ በእጄ ነክቼ አላውቅም።

ያን ዓመት ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ። አባቴ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ባለች ጠባብ ሱቅ ልብስ ይሰፋል። እናቴ ሐሊማ የመውለጃዋ ቀን ተቃርቦ ወገቧን ይዛ ትዞራለች። ታላቅ እህቴ መዲና ደግሞ በመስከረም አንድ ሰኞ "ባቲ ገበያ ደርሼ ልምጣ" ብላ ከሁለት ጓደኞቿ ጋር ወጣች። ማታ አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቀን ከአፋር በረሃ ደወለች፤ መንገዱ ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያ በባሕር ወደ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ ነው። በሰፈራችን ሴት ልጅ እንደዚያ ያልሄደችበት ቤት ጥቂት ነው። እናቴ አንድ ቀን አለቀሰች፣ በማግስቱ ዱዓ አስደረገች። አባቴ የሚጠይቀውን ሁሉ "መዲና መዲናን ልታይ ሄደች" እያለ ያስቃል። እሱ ሲቀልድ መርፌው ቶሎ ቶሎ ይሄዳል፣ ፔዳሉም ይንጫጫል።

በቤታችን ስልክ የምከፍተው እኔ ነበርኩ። አባቴ ከሱቅ ሲመለስ ፍራሹ ላይ ይወረውርልኛል፣ እኔ የመዲናን የድምፅ መልእክት ፈልጌ ለእናቴ አሰማለሁ። የመጨረሻው መልእክት ንፋስ የበዛበት ነው። "ሉቤ፣ ባሕሩ ዳር ደርሰናል። እማዬን አየሩ ደህና ነው፣ አትስጊ በያት። አንቺ ፈረንጇ ደግሞ፣ አይ አም ፋይን!" ትላለች፣ ከኋላዋ ሌላ ሴት ልጅ ትስቃለች። እናቴ "ምን አለች በመጨረሻ?" አለችኝ። "ደህና ነኝ ነው ያለችው።" "ድገሚልኝ።" ስድስት ጊዜ ያህል ደገምኩላት።

መዲና ፈረንጇ የምትለኝ እንግሊዝኛ ትችላለች ብላ ነው። የማውቀው እንግሊዝኛ ግን ከዚያች ከአንደኛ ክፍል ጀምረን በዜማ ከምንላት ሰላምታ ብዙ አይርቅም። "ሃው አር ዩ?" "አይ አም ፋይን!" ሰማንያ ልጅ በአንድ ድምፅ ሲለው ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል።

ያ መልእክት በመጣ በሦስተኛው ቀን እናቴ ወንድ ልጅ ተገላገለች። የአባቴ እህት፣ አክስቴ ሩቅያ፣ ከጨፋ ሮቢት ልታርሳት መጣች። ሩቅያ አማርኛና ኦሮምኛውን በአንድ ትንፋሽ የምታወራ ትልቅ ሴት ናት። በገባችበት ቀን ወንፊትና ስስ ሻሽ አሸከመችኝ። "ኮቱ፣ ነይ እዚህ። የእናትሽ አብሽ ያንቺ ሥራ ነው። መጀመሪያ በወንፊት፣ ከዚያ በሻሽ ትነፊዋለሽ። እንደ ዱቄት ሳይሆን እንደ ጢስ ነው መሆን ያለበት፣ ሰማሽ? ጉሮሮ ከያዘ እኔን አያድርገኝ!" ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት ቤት መልስ ሥራዬ ያ ሆነ። ብናኙ አፍንጫዬ ውስጥ ይገባል፣ ላቤ ራሱ አብሽ አብሽ ይላል። ክፍል ውስጥ ጥጋቱ ላይ አብራኝ የምትቀመጠው ልጅ ሳይቀር "አራሷ መጣች" ትለኝ ጀመር።

ወንድሜ በተወለደ በአምስተኛው ቀን አባቴ ከሱብሂ ሰላት ዘግይቶ መጣ። ከወንድሙ ከአያ እንድሪስ ጋር ነበር። አያ እንድሪስ ከሮቢት በዚያ ሰዓት ምን ሊሠራ እንደመጣ አልጠየቅኩም፤ አዲስ ሕፃን ሊያይ ነው ብዬ አሰብኩ። አባቴ ዓይኑ ቀልቷል። "ጉንፋን ያዘኝ" አለ። ስልኩን እንደ ወትሮው አልወረወረልኝም፣ ኪሱ ከትቶ ቆለፈበት። "በጨዋታ ባትሪ ትጨርሺያለሽ" አለኝ። እውነት ነበርና አፈርኩ። ሩቅያ ወደ ጓሮ ወጥታ ሽንኩርት ትከትፍ ጀመር። በዚያ ሰሞን ቤታችን የተከተፈው ሽንኩርት ለሰርግ ይበቃ ነበር።

አሁን ነው የገባኝ፤ በዚያ ንጋት መስጊዱ ደጃፍ ላይ አባቴን አርድተውት ነው። ከጀልባዋ የተረፈ የባቲ ልጅ ደውሎ ነበር። ጀልባዋ ተገልብጣለች። መዲናን ውሃ ውስጥ አይቷታል፣ ከዚያ አላያትም። ሬሳ አልተገኘም።

በእኛ አገር መርዶ እንዲሁ አይነገርም። የሞተበት ሰው ሳይሰማ ጎረቤቱ ሁሉ ይሰማል፣ ዘመድ ከሩቁም ከቅርቡም ይጠራራል፣ ማታውን ጎረቤት ቤት ያድራል፣ ከሱብሂ በኋላ ሽማግሌ አስቀድሞ ይገባል። አራስ ከሆነች ደግሞ እስክትነሳ ነው የሚጠበቀው፤ ወተቷ ይደርቃል፣ ደሟ ይመታታል ይባላል። እናም አያ እንድሪስና ሽማግሌዎቹ ለእናቴ አርባ ቀኗ ሲሞላ እንዲነገራት ወሰኑ። እስከዚያ ከሚሴ በሙሉ አፉን ዘጋ። የሚያውቀው ሁሉ ያውቃል፤ የማናውቀው እናቴና እኔ ብቻ ነን። ይህን ወግ ደግ ነው ይሉታል። ደግ ነው፣ አልክድም። እኔን ግን ማን ያስታውሰኝ? ልጅ ናት ብለው ረሱኝ።

"መዲና ደወለች?" ትላለች እናቴ በጠዋቱ።

"ፈያዳ፣ ፈያዳ፤ ደህና ናት። ረቢ አለላት አይደል?" ትላለች ሩቅያ ጀርባዋን ሰጥታ።

"ድምጿን ምነው አላሰማችሁኝ?"

"ኔትወርክ የለም ሐሊማ" ይላል አባቴ። "ከባሕሩ ማዶ በረሃው ላይ ኔትወርክ የት አለ? ደህና ናት።"

ጠያቂ ሲመጣም ያው ነው። ሴቶቹ እየተቀባበሉ "አልሐምዱሊላህ፣ ደህና ናት፣ ደህና ናት" ይላሉ። እናቴ በዚያች ቃል እንደ አብሹ ትጠግባለች፤ ፊቷ ይወዛል። እኔም አምን ነበር። ትልልቅ ሰዎች ሁሉ ባንድ አፍ የሚሉትን እንዴት አላምንም?

እንዲያውም ያ ሰሞን ተመችቶኝ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ራሴን እጠላለሁ። ሸንኮራ የሚሸጠው ሰውዬ ጠርቶ ይሰጠኛል። ከዓመት በፊት የተጣላችኝ ልጅ መጥታ ታረቀችኝ። አርፍጄ ስገባ አስተማሪው አያንበረክከኝም። ወንድም ስለተወለደልኝ፣ እህቴም ሳዑዲ ስለሆነች መሰለኝ። ኮራሁ። በእረፍት ሰዓት ልጆቹን ሰብስቤ መዲና የምትልክልኝን ጫማ ቀለሙን ሳይቀር እነግራቸው ነበር። አንዲትም ልጅ "ውሸትሽን ነው" አላለችኝም። ልጆች እንዲህ ዝም ሲሉ ደስ አይልም፤ ይህንንም ያኔ ማወቅ ነበረብኝ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን መምህር አደም ይባላል። ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ፣ ትምህርት ቤቱ ያለውን አንድ መዝገበ ቃላት በላስቲክ ጠቅልሎ መሳቢያ ውስጥ የሚቆልፍ ሰው ነበር። በጥቅምት አጋማሽ ለእያንዳንዳችን አንድ አንድ ቅጽል ሰጠን። ቃሉን በመዝገበ ቃላቱ ፈልገን፣ ያለውን ትርጉም ሁሉ ገልብጠን፣ ለእያንዳንዱ ከቤታችን ኑሮ አንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። ከመጽሐፍ መገልበጥ አይቻልም። ለእኔ "ፋይን" ደረሰኝ። ክፍሉ በሳቅ አወካ፤ የአንደኛ ክፍል ቃል!

"አትሳቁ" አለ መምህር አደም። "የሚናቅ ቃል አይደለም። ፈረንጅ ሲስማማም 'ፋይን' ይላል፣ አኩርፎ በር ሲዘጋም 'ፋይን' ይላል።"

መዝገበ ቃላቱን ስከፍት ቃሉ ሙሉ ዓምድ ይዞ አገኘሁት። ስምንት ትርጉም ነበረው። ጤነኛ፣ ምርጥ፣ የላመ፣ ቀጭን፣ ብራ የሆነ ሰማይ፣ እያለ ይወርዳል። ጠረጴዛው ላይ ተንጠልጥዬ ስገለብጥ አንድ ቃል ያንን ሁሉ እንዴት ይሸከማል ብዬ ገርሞኝ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ቤታችን ውስጥ የማየው ሁሉ ለዓረፍተ ነገር የሚሆን መሰለኝ። በሻሹ የሚወርደው አብሽ ተመዘገበ። የአባቴ ክር ተመዘገበ። የወንድሜ ጣቶች ጥፍራቸው እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ ነበር፤ እነሱም ተመዘገቡ። መዲና አየሩ ደህና ነው ማለቷን አስታውሼ "ባሕሩ ላይ ሰማዩ ብራ ነው" ብዬ ጻፍኩ።

መስማማት ለሚለው ትርጉም ዓረፍተ ነገሩን ያገኘሁት ከአባቴ ነው። አንድ ከሰዓት እናቴ ከአልጋዋ ላይ ጠራችው። "አንተ ሰውዬ፣ ሰንበቴ ከተማ ያለው የዘሃራ ባል ጅዳ ሊሄድ ነው አሉ። ለልጄ አንድ ቀሚስ ስፋላት፣ ይዞላት ይሂድ። የሰው አገር ልብስ ለብሳ ትክረም እንዴ?" ሩቅያ የያዘችውን ሳህን አስቀመጠችው። አባቴ ግድግዳውን እያየ "ይሁን" አለ። ያቺን "ይሁን" በልቤ ይዤ ሮጬ ደብተሬ ላይ አሰፈርኳት።

በማግስቱ ሱቅ ወሰደኝ። አረንጓዴ፣ ቢጫ አበባ ጣል ጣል ያለበት ጨርቅ ቆርጧል። የመዲና ልኬት ስላልነበረው በርጩማ ላይ አቆመኝ፤ "ካንቺ በአንድ ስንዝር ትበልጣለች፣ እጨምርበታለሁ" አለ። ሜትሩን ከትከሻዬ ወደ ታች ለቀቀው፣ ከዚያ እጁ ትከሻዬ ላይ እንዳለ ቀረ። አንገቱን ስለደፋ ፊቱ አይታየኝም።

"አባዬ፣ ስንት ሆነ?"

"ቁጥሩ ጠፋብኝ" አለኝ።

"ድጋሚ ለካ እንጂ።"

ድጋሚ ለካ። አሁንም ጠፋበት። አባቴ በዓይኑ ብቻ ለክቶ የወታደር ኮት የሚሰፋ ሰው ነበር፤ ያን ቀን አራት ጊዜ ለካኝ። ቀሚሱን ለመጨረስ አንድ ሳምንት ፈጀበት። አንዱን ስፌት ሲፈታና ሲሰፋ አየሁት፤ አምሮ እንዲወጣ ስለፈለገ ነው ብዬ "የአባዬ ሥራ ምርጥ ነው" የሚል ጻፍኩ። ስምንተኛውን ቦታ ለመጨረሻ አቆይቼው ነበር፤ በጣም የሚቀለውን፣ ሁላችንም የምናውቀውን፣ ጤነኛ የሚለውን። "እህቴ ደህና ናት" ብዬ ሞላሁትና አስረከብኩ።

ደብተሬ ሲመለስ ሰባቱ ላይ ቀይ የራይት ምልክት አለ። ስምንተኛው ላይ ራይትም የለ፣ ኤክስም የለ። ባዶ። እስኪርብቶው ያረፈበት አንዲት ቀይ ነጥብ ብቻ ነበረች።

ደብተሩን ይዤ ወደ ጠረጴዛው ሄድኩ። "መምህር፣ ይቺን አላረሙልኝም።"

አየው። ከዚያ በመስኮቱ ወደ ጨፋ ሜዳ አየ፤ ማሽላው ለአጨዳ ደርሶ ነበር፣ ወፍ የሚያባርሩ ልጆች ይጮሃሉ። "ይቺን... ቆይ፣ በኋላ እናያታለን" አለኝ።

"ስህተት ነች?"

"ሰዋስዋ ትክክል ነው" አለ፣ ቀስ ብሎ። "በቃ ሂጂ፣ ተቀመጪ ሉባባ።"

ቤቴ ገብቼ ያንኑ ዓረፍተ ነገር በሌላ ወረቀት እያሳመርኩ አሥር ጊዜ ጻፍኩት። የእጅ ጽሑፌ አስቀይሞት ይሆናል ብዬ ነው።

አርባው ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው ነገር ተለወጠ። ከሰዓት በኋላ አብሽ እየነፋሁ ሳለ ሩቅያ ቀሚሱን በጥቁር ፌስታል ጠቅልላ፣ በሻሿ ሸፍና፣ ወደ ጎረቤታችን ዘይነብ ቤት ስታልፍ አየኋት። ቀሚሱ ለሰንበቴው ሰው መሰጠት ነበረበት፤ ዘይነብ ጋ ምን ይሠራል? ተነስቼ በአጥሩ ቀዳዳ አጮለቅሁ። የዘይነብ ደጃፍ በጫማ ተሞልቷል። የአያ እንድሪስ ከዘራ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። ከባቲ የመጡ የእናቴ ዘመዶች ጥላው ሥር ተቀምጠዋል፣ ትልቅ ብረት ድስት እሳት ላይ ነው፣ ሰሌን ከየቤቱ እየተሰበሰበ ነው።

ልቤ ዘለለ። ምክንያቱም ይህን ነገር አውቀዋለሁ። በፊተኛው ዓመት የዘይነብ ልጅ ከሪያድ የተመለሰች ጊዜ በቀጥታ እናቷ ቤት አልገባችም። ድንገተኛ ደስታም እንደ ድንገተኛ ሐዘን ይገድላል ተብሎ እኛ ቤት አደረች፤ ዘመድ ተሰበሰበ፣ ሽማግሌ ጠዋት ገብቶ ለዘይነብ ቀስ አድርጎ ነገራት። እንግዲህ አሁን ተራው የእኛ ነው። መዲና መጥታለች፣ ዘይነብ ቤት ተደብቃለች፣ ቀሚሷንም ወስደውላታል። ሁሉም ነገር ገጠመልኝ።

ዘይነብ ውሃ ልትቀዳ ስትወጣ እጇን ያዝኳት። "የመዲና ነገር ነው አይደል? አውቄያለሁ" አልኳት።

ጀሪካኑን ለቀቀችው። አንገቴን አቅፋ እስኪያመኝ ጨመቀችኝ፣ እንባዋ ጆሮዬ ላይ ወረደ። "ወይኔ ኢንተለ ኮ፣ ልጄን! ማን ነገረሽ? ጨሊሲ፣ ዝም በይ። ለእናትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። ነገ ከሱብሂ በኋላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው ይነግሯታል።" ዘይነብ በራሷ ልጅ ጊዜም እንዲሁ አልቅሳ ነበር። ሰው በደስታም እንደሚያለቅስ አይቻለሁ።

ዝም ማለት ነበረብኝ። ከወር በላይ ከተማው የቻለውን እኔ አንድ ምሽት አልቻልኩም።

እናቴ ወንድሜን እያጠባች ነበር። "ምን ያስቅሻል አንቺ?" አለችኝ። ከንፈሬን ነከስኩ። "ተናገሪ እንጂ!" አለች፣ እሷም መሳቅ ጀምራ።

"የምስራች!" አልኩ።

"ምስር ብዪ! ምስር ብዪ ልጄ! ምን አገኘሽ?"

"መዲና መጥታለች። ዘይነብ ቤት ናት። ነገ ጠዋት ነው የሚያመጧት።"

እናቴ ጡቷን ከሕፃኑ አፍ አላቀቀች። ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ከንፈሯን ብቻ አነቃነቀች፣ እንባዋ ጉንጯን ሞላው። ከዚያ ከቀኝ እጇ ጣት የብር ቀለበቷን ለማውለቅ ታገለች፤ ከወሊድ በኋላ ጣቷ አብጦ ስለነበር በምራቋ አርጥባ አወለቀችው። የምስራች ነጋሪ ባዶ እጁን አይመለስም። "ያንቺ ነው" አለችኝ፣ በአውራ ጣቴ ላይ አጠለቀችልኝ። ከዚያ በሹክሹክታ "እኔም እንዳላወቅሁ እሆናለሁ። ደስታቸውን አናበላሽባቸውም" አለችና በእጇ አፏን ይዛ ሳቀች። እናቴ ያን ምሽት የሳቀችውን ሳቅ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አልሰማሁትም።

ከሱብሂ አዛን በፊት ተነሳች። ገላዋን ታጠበች፣ የኢድ ልብሷን ለበሰች፣ ኩል ተኳለች፣ ወንድሜን በነጭ ጨርቅ ጠቀለለችው። እኔን አስነስታ ፀጉሬን አበጠረችልኝ። በሩ ፊት ለፊት ባለው መደብ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሩቅያ ከጓዳ ወጥታ እንደዚያ ሆነን ስታየን እንደ ግንድ ደርቃ ቀረች። "ምነው ሐሊማ?" አለች። እናቴ "ምንም፣ አርባዬ አይደል ዛሬ?" ብላ ጠቀሰችኝ።

ሰላት አልቆ የብዙ ሰው እርምጃ ተሰማ። እናቴ ሽማግሌዎቹ እስኪያንኳኩ መጠበቅ አልቻለችም፤ በሩን ራሷ ከፈተችው። አያ እንድሪስ ከፊት፣ አባቴ ከኋላው፣ ከዚያ ግቢው እስኪጠብ ሰው።

"ግቡ!" አለች እናቴ። "ግቡ እንጂ፣ አውቄያለሁ!"

አያ እንድሪስ ከዘራውን ለቀቀ። አውቃለች! ከኋላ ያሉት ሴቶች የያዙት ሁሉ ፈነዳ፤ ከወር በላይ የታፈነ ልቅሶ ነበር። አያ እንድሪስ እጇን ይዞ "ካወቅሽማ አሏህ ሶብሩን ይስጥሽ። ከእሱ የመጣ ነው ልጄ፣ የሁላችንም መንገድ ነው" አለ።

"የምን መንገድ?" አለች እናቴ። ሳቋ ፊቷ ላይ አለ፤ መውረጃ አጥቶ ነው የቀረው። "ልጄ የታለች? አስገቧት እንጂ። ምን ያስለቅሳችኋል?"

ልቅሶው ባንዴ ቆመ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። አባቴ ከእግሯ ሥር ተንበረከከ፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዞ "ሐሊማ... ባሕሩ..." ብሎ መጨረስ አቃተው።

እናቴ ዞራ እኔን አየችኝ። ቀለበቱን በቡጢዬ ውስጥ ደብቄ ነበር። ጥፋቴ ገና ጭንቅላቴ አልገባም። ያን አስተያየቷን ፈራሁ፤ ትመታኛለች ብዬ አሰብኩ። ብትመታኝ ኖሮ!

"ሉባባ ትናንት ነግራኛለች" አለች፣ ለሁሉም፣ በጣም በተረጋጋ ድምፅ። "አብስራኛለች። እንግሊዝኛ ሳይቀር የምታነብ ልጅ ናት፣ አትሳሳትም። ሬሳ አይታችኋል?"

አያ እንድሪስ ጎንበስ ብሎ ከዘራውን ከመሬት አነሳ።

"አይታችኋል ወይ ነው የምላችሁ?"

"አላየንም" አለ አያ እንድሪስ።

"እንግዲያው በቤቴ አታልቅሱብኝ። ልጄ ደህና ናት።" ተመልሳ ተቀመጠችና ወንድሜን ማጥባት ጀመረች። ኩሉ በጉንጯ አልወረደም፤ አላለቀሰችምና።

በመስጊዱ ወንዶቹ ሬሳው ለሌለ ሰው የሚሰገደውን ሰላት ሰገዱ። ዘመድ ሩቅያ ለልቅሶው የወሰደችውን ቀሚስ መሀል አድርጎ ሦስት ቀን ዘይነብ ቤት ተቀመጠ፣ ምክንያቱም እናቴ ሰሌን እንዲነጠፍ አልፈቀደችም። በየተራ ገብተው ለመኗት። "እኛም እኮ ደህና ናት ስንልሽ ዋሽተን ነው" አላት አባቴ። እሷ ግን የእነሱን ደህና ከእኔ ደህና ለየችው። እነሱ ዋሽተዋል፤ ልጅ ግን አትዋሽም።

በሦስተኛው ቀን ቀለበቱን ይዤ አልጋዋ ሥር ቆምኩ። "እማዬ፣ ተሳስቼ ነው። አላየኋትም። እኔ ነኝ የተሳሳትኩት" እያልኩ አለቀስኩ። ጣቷ ላይ ቀለበቱ የነበረበት ቦታ ነጥቶ ይታያል። ቡጢዬን መልሳ ዘጋችው። "የሰጠሁት ለምስራች ነው። የምስራች ስጦታ አይመለስም" አለችኝ።

ሰኞ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህር አደም ልጆቹ እስኪወጡ ጠብቆ ወደ ጠረጴዛው ጠራኝ። ደብተሬን ከፈትኩና ስምንተኛው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። "ስህተት ነው ይበሉኝ። በቀዩ ይሰርዙልኝ፣ ወስጄ ለእማዬ አሳያታለሁ። አስተማሪ ካረመው ታምናለች።" እስኪርብቶውን አነሳ። ክዳኑን አወለቀ። ወደ ወረቀቱ አስጠጋው፤ ከዚያ ክዳኑን መልሶ ገጠመው። "ይህን በእጄ ልጽፈው አልችልም ሉባባ" አለኝ። እሱም አለቀሰ። ያኔ ተናድጄበት ነበር። አሁን የምናደደው በማንም ላይ አይደለም፤ ማንም ክፉ አልነበረም፣ ለዚህ ነው ነገሩ መፍትሔ ያጣው።

ባለፈው ኅዳር ከአጎቴ ልጅ ቤት ወጥቼ ወደ ቤታችን ስሄድ በአባቴ ሱቅ በኩል አለፍኩ። አረንጓዴው ቀሚስ በላስቲክ ተሸፍኖ ከስፌት መኪናው በላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ደንበኛ ሲጠይቀው "የሰው ነው" ይላል። ወንድሜ ቁመቱ በልጦኛል። እናቴ ጥላው ሥር ምስር ትለቅም ነበር። ግንባሬን ሳመችኝ፣ ገና ሳልቀመጥ እጄን ይዛ ቀለበቱ መኖሩን በጣቷ ዳሰሰች። ሁልጊዜ እንደዚያ ታደርጋለች።

"ከአራሷ ቤት ነው የመጣሽ፣ አብሽ አብሽ ትያለሽ" አለችኝ። ከዚያ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ እኔን ብቻ የምትጠይቀውን ጠየቀችኝ። "ደህና ናት አይደል?"

ስንት ጊዜ እውነቱን ልነግራት ተዘጋጅቼ መጥቻለሁ። በመንገድ ላይ ቃላቱን እደረድራለሁ፣ መኪናው ከሚሴ ሲገባ ይበተኑብኛል። መርዶውን ልነግራት የምችል ሰው እኔ ብቻ ነኝ፤ ከእኔ በቀር የማንንም አትቀበልም።

"ደህና ናት፣ እማዬ" አልኩ።

"ምስር ብዪ" አለችኝና ምስሯን መልቀም ቀጠለች።